ህዳሴ እያለን ኒውክሌር ለምን? ጣና ዳርስ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር አባይ ማዶ ወፍጮ ቤት አለኝ። ህዳሴ ሲመረቅ እንደማንኛውም ሰው ደስ ብሎኝ ነበር። መብራቱ ግን አሁንም ይሄዳል፣ ይመጣል። አሁን ደግሞ ከሩሲያ ጋር ኒውክሌር ሊሠራ ነው ይባላል። ውሃም ፀሐይም ንፋስም እያለን ኒውክሌር ምን ይጨምርልናል? ብዙ ውሃ ይፈልጋል ሲባልም ሰምቻለሁ። ጣና ዳር እንዳይተክሉት ሰግቻለሁ።»

መልስ፦

የጠየቁት አንድ ሳይሆን ሦስት ነገር ነው። የወፍጮዎን አስቀድሜ ልገላገለው፤ ቀላሉ እሱ ነው።

እርስዎ ዘንድ መብራት የሚሄደው አገሪቱ የምታመነጨው ስላነሰ አይደለም። የተተከለው ማመንጫ ሁሉ ሲደመር ወደ 10 ሺህ ሜጋ ዋት ተጠግቷል። ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ እንሸጣለን። ቢትኮይን የሚያመርቱ ድርጅቶች ኮምፒውተራቸውን ጭነው የመጡትም ርካሽና ትርፍ ኃይል አለ ብለው ነው። ችግሩ ያለው ከማመንጫው እስከ ቆጣሪዎ ባለው መንገድ ላይ ነው። ያዘመመ የእንጨት ምሰሶ አለ። ክረምት ላይ ቅርንጫፍ የሚነካው ሽቦ አለ። ከሁሉም በላይ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር አለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ሠፈሩ በእጥፍ ሲያድግ ትራንስፎርመሩ ያው የድሮው ከሆነ፣ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ምን እንደሚፈጠር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ስለዚህ ነገ አሥር የኒውክሌር ማመንጫ ቢተከል እንኳን የሠፈርዎ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ወፍጮው አይዞርም። አሥር ህዳሴ ቢጨመርም እንደዚያው። በነገራችን ላይ ሞተርዎ ሦስት ፌዝ ከሆነ፣ ማለትም ኃይል በሦስት ሽቦ የሚገባለት ከሆነ፣ አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩን ወዲያው የሚያቆም መከላከያ ያስገጥሙለት። ሞተር የሚያቃጥለው መብራት ሙሉ በሙሉ መሄዱ ሳይሆን በሁለት ፌዝ መጉተቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው።

የሰሙት ወሬ ሥር አለው። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም ሞስኮ ላይ ኢትዮጵያና የሩሲያ መንግሥት የኒውክሌር ድርጅት የሆነው ሮሳቶም የኒውክሌር ማመንጫ ፕሮጀክት ለማልማት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርመዋል። ህዳሴ ጳጉሜን 4 ከተመረቀ ሦስት ሳምንት እንኳን አልሞላውም ነበር። የድርጊት መርሐ ግብር ግን የግንባታ ውል አይደለም። «እንዲህና እንዲህ እናጥና፣ በዚህ ቅደም ተከተል እንሂድ» የሚል ወረቀት ነው። ኮንክሪት እስኪፈስ ብዙ ዓመት አለ። (ሩሲያኖቹ ለባሕር ዳር እንግዳ አይደሉም። ፖሊ የምንለውን ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም የከፈቱልን እነሱ ናቸው። ያኔ ሶቪየት ኅብረት ይባሉ ነበር።)

«ውሃ እያለን ለምን?» ለሚለው መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት ላንሳ። ሁላችንም ማመንጫን በሜጋ ዋት እናወዳድራለን። ህዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው እንላለን። ይህ ተርባይኖቹ ሁሉ በአንዴ ሲዞሩ የሚሰጡት ከፍተኛው ኃይል ነው። ዓመቱን ሙሉ ግን እንደዚያ አይዞሩም፤ ውሃው አይበቃም። በዓመቱ ውስጥ የተመረተው ጠቅላላ ኃይል የሚለካው በጊጋ ዋት ሰዓት ነው፤ ከህዳሴ በዓመት የሚጠበቀው ከ15 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ሁሉም ተርባይን ሌት ተቀን ቢሠራ ኖሮ ከሚሰጠው ሲሶ ያህሉ ነው። ይህ የዲዛይን ጉድለት አይደለም። ሰው ኃይል በብዛት በሚፈልግበት ሰዓት ብዙ ለመልቀቅ ታስቦ ነው ተርባይኑ የበዛው።

የኒውክሌር ማመንጫ ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። አንዴ ነዳጅ ከገባለት ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ሳይቆም ይሠራል። ከዚያ ነዳጅ ለመቀየር ይቆምና ይቀጥላል። ክረምት ሆነ በጋ፣ ሌሊት ሆነ ቀን አይለይም። ስለዚህ 1,000 ሜጋ ዋት የሆነ አንድ ሪአክተር (የኒውክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚሰጥበት የማመንጫው ልብ) በዓመት 8 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት አካባቢ ይሰጣል። የህዳሴን ግማሽ ያህል ማለት ነው፤ በሜጋ ዋት ሲታይ ግን የህዳሴን አምስተኛ እንኳን አያህልም። ሁለቱን በሜጋ ዋት ብቻ የሚያወዳድር ሰው ካጋጠመዎ አይመኑት።

ፀሐይና ንፋስ ደግሞ ሌላ ናቸው። ርካሽ ናቸው፤ የፀሐይ ፓነል ዋጋ ባለፉት አሥራ ምናምን ዓመታት ያሽቆለቆለው ማንም ባልጠበቀው ፍጥነት ነው። በአንድ ሁለት ዓመት ተሠርተው ያልቃሉ። ግን ፀሐይ ማታ የለችም፣ ንፋስም ሲያሻው ነው የሚነፍሰው። አውሮፓ ውስጥ ኒውክሌርና ታዳሽ ኃይል የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ክፍተቱን ማን ይሙላው? ጋዝ? ባትሪ? ኒውክሌር? ጀርመን ሪአክተሮቿን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ዘጋች። ጎረቤቷ ፈረንሳይ ከኤሌክትሪኳ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ከኒውክሌር ታገኛለች። እስካሁን ይከራከራሉ።

ይህን ክርክር እንዳለ ወደ አማርኛ ገልብጦ ማምጣት ግን አይሠራም። እኛ ግድብ አለን። ግድብ ያለው አገር ባትሪ ሳይገዛ ባትሪ አለው። ቀን ፀሐዩ ሲሠራ ተርባይኑን ቀንሶ ውሃውን ማስቀመጥ፣ ማታ መልቀቅ ይቻላል። ከዚህም የሚሻል አጋጣሚ አለ፤ የእኛ አገር ንፋስ የሚበረታው ዝናብ በሌለበት በበጋ ነው። ውሃው ሲጎድል ንፋሱ ይመጣል። ይህን የመሰለ ጥንድ ብዙ አገር አያገኝም። እኛ ግን ከአዳማ ሁለቱ ጣቢያዎች 204 ሜጋ ዋት፣ ከአሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት፣ እንዲሁም ከጥቂት ሌሎች አልፈን አልሄድንም። በእንፋሎት ኃይል ደግሞ ይባስ ብለን ሰንፈናል። ስምጥ ሸለቆው የጋራችን የሆነው ኬንያ ከኤሌክትሪኳ ግማሽ የሚጠጋውን ከከርሰ ምድር እንፋሎት ታገኛለች። የእኛ አሉቶ ላንጋኖ 7 ሜጋ ዋት ገደማ ሆኖ ከተተከለ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ ሳይነካ ስለ ሪአክተር ብቻ ሲወራ መስማት እኔን ያናድደኛል።

ታዲያ ኒውክሌር አያስፈልግም? እንዲያ አልልም።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዝናብ የተሠራ ነው። ጢስ አባይ፣ ጣና በለስ፣ ህዳሴ፣ ግልገል ጊቤ፣ ተከዜ፣ ሁሉም የአንድ ክረምት ልጆች ናቸው። ግንቦት 2011 ላይ የጊቤ 3 ውሃ ሲያንስ መብራት በፈረቃ ሆኖ እንደነበር ያስታውሳሉ። ለጎረቤት አገር የሚሸጠው ሳይቀር ቆሞ ነበር። እኛ ባሕር ዳሮች ይህን ከሌላው ቀድመን እናውቀዋለን። ጢስ እሳት ፏፏቴን ለማየት የመጣ እንግዳ በበጋ ቀጭን ውሃ አይቶ የሚመለሰው፣ የሐይቁ ውሃ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ስለሚሄድ ነው። አንድ ሐይቅ ለ460 ሜጋ ዋት፣ ለመስኖ፣ ለጀልባና ለፏፏቴ እኩል መሆን አልቻለም።

ህዳሴ ይህን ስጋት ቀንሶታል፤ ይህን መካድ አይገባም። የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። አባይ በድንበሩ በኩል በአማካይ በዓመት የሚያወርደው 49 ቢሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ መጥፎ ክረምት አገሪቱን አያጨልማትም። ሁለት ሦስት መጥፎ ክረምት ተከታትሎ ቢመጣስ? ያኔ ከዝናብ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው አንድ ማመንጫ ዋጋው ከፍ ይላል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም። ሁሉም ምጣድ ሲጥድ፣ ፋብሪካውም ሲጨመር፣ አሁን ትርፍ የምንለው ይሟጠጣል። ኒውክሌር የሚታሰበው ለዚያ ጊዜ ነው። ለእኔ ከ2030 ዓ.ም ወዲያ ለሚመጣው እንጂ ለዘንድሮ መልስ አይደለም።

በሙያዬ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ብዙ ሰው የማያነሳው ነው። የመስመሩ አቅም። ቃሬዛ የተሸከሙ አራት ሰዎችን ያስቡ። አንዱ ድንገት ቢለቅ ሦስቱ ይንገዳገዳሉ፤ የለቀቀው ግማሹን ክብደት ይዞ የነበረ ከሆነ ደግሞ በሽተኛው መሬት ነው። ለዚህ ነው አንድ ነጠላ ማመንጫ ከመላው መረብ (ማመንጫዎቹንና መስመሮቹን ሁሉ ከሚያገናኘው የአገሪቱ ሥርዓት) አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ የሚመከረው። ሮሳቶም ለግብጽ ኤል ዳባ ላይ የሚተክላቸው አራት ሪአክተሮች እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋ ዋት ናቸው። የህዳሴ ትልቁ ተርባይን 400 ሜጋ ዋት ነው። ሌሊት አገሩ ሲተኛ የሚፈለገው ኃይል ከተተከለው በብዙ ያንሳል። በዚያ ሰዓት 1,200 ሜጋ ዋት በአንዴ ቢወድቅ መረቡ ይዞ መቆም አለበት። የውሃ ተርባይን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚነሳ ሊደግፈው ይችላል። በዚህ በኩል ውሃና ኒውክሌር ይግባባሉ። ለዚህ ግን ጠንካራ መስመርና ሁልጊዜ በተጠንቀቅ የሚቆም ተርባይን ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚብስም አለ። ሪአክተር ቆሞም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ከጠፋ በኋላ ነዳጁ ለቀናት፣ ለሳምንታት ይሞቃል፤ ፓምፕ እየዞረ ማቀዝቀዝ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ፉኩሺማ ላይ የሆነው ይኸው ነበር። ሪአክተሮቹ መሬት ሲንቀጠቀጥ በትክክል ቆመው ነበር። የውጪው መስመር ተቋረጠ፤ ከዚያ ሱናሚው መጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን አጥለቀለቀ። ነዳጁ የቀለጠው ማቀዝቀዣ አጥቶ ነው። ስለዚህ አገር አቀፍ መብራት መጥፋት ኒውክሌር ላለው አገር የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ የደኅንነት ጉዳይ ነው። የዘመኑ ሪአክተሮች ያለ ኤሌክትሪክም ሙቀትን የሚያስወጣ ዘዴ ተጨምሮላቸዋል። ቢሆንም መረቡ ሳይታደስ ሪአክተር ማስቀደም የተገላቢጦሽ ነው።

ገንዘቡን አሳጥሬ ልንገርዎ፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ሁለት ሪአክተሮች፣ ሁለቱ ተደምረው 2,200 ሜጋ ዋት ገደማ፣ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅተዋል። ህዳሴ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ግብጽ ለኤል ዳባ ከሩሲያ 25 ቢሊዮን ዶላር ብድር ወስዳለች። ጊዜውም እንደዚሁ ነው። ፊንላንድ ቴክኖሎጂውን ጠንቅቃ የምታውቅ አገር ሆና እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረችው ሦስተኛው የኦልኪሉኦቶ ሪአክተር መደበኛ ሥራ የገባው በ2023 ነው። ጥሩ የሄደው ምሳሌ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ነው። ውሉን እ.ኤ.አ. በ2009 ፈረሙ፤ የመጀመሪያው ሪአክተር በ2020 ኤሌክትሪክ ሰጠ፤ አራተኛው በ2024 አለቀ። አሁን ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ሩቡን ይሸፍናሉ። ግን ገንዘብ ነበራቸው፣ ወንዝ አልነበራቸውም። እኛ ተቃራኒው ነን። በአፍሪካ እስካሁን የሚሠራው ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን አጠገብ ያለው ኩበርግ ብቻ ነው፤ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ።

ትንንሽ ሪአክተር የሚባል ነገርም ይነሳል። በሐሳብ ደረጃ ለእኛ ዓይነት መረብ የሚመቸው እሱ ነው። ሩሲያ ሰሜናዊው ጫፍ ላይ፣ ፔቬክ በምትባል ከተማ፣ በመርከብ ላይ የተተከሉ ሁለት 35 ሜጋ ዋት ሪአክተሮች ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራሉ። በሌላ በኩል አሜሪካ ውስጥ ኑስኬል የተባለው ኩባንያ አይዳሆ ላይ ሊተክል የነበረው በ2023 እ.ኤ.አ. ዋጋው ስለናረ ተሰርዟል። እኔ ብሆን ሌላው ገዝቶ ዋጋው እስኪታወቅ እጠብቃለሁ። በመጠበቂያው ጊዜ ሕጉን፣ ተቆጣጣሪውንና ባለሙያውን አዘጋጃለሁ። ያ ብቻውን አሥር ዓመት ይፈጃል።

አሁን ጣና። ሰግቻለሁ ያሉት ይህን ነው፤ እኔም ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ሪአክተር ከሚያመነጨው ሙቀት ሲሶውን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ሁለት እጅ የሚሆነው መወገድ አለበት። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ማቀዝቀዣ ማማ ነው፤ ፎቶ ላይ የሚያዩት፣ ነጭ ጭስ የሚመስል የሚወጣበት ሰፊ ማማ። የሚወጣው ጭስ አይደለም፣ የውሃ እንፋሎት ነው። በዚህ መንገድ 1,000 ሜጋ ዋት ሪአክተር በዓመት የሚያተነው ወደ 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ጣና ግን 3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ሙሉ ለሙሉ ከሐይቁ ቢቀዳ ከላዩ የሚቀንሰው በዓመት 7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ፀሐይ ራሷ ከሐይቁ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ታተናለች። ስለዚህ «ኒውክሌር ጣናን ያደርቀዋል» የሚለው ስጋት በሒሳብ አይቆምም። አሪዞና በረሃ ውስጥ ያለው ፓሎ ቨርዴ የሚቀዘቅዘው ከከተማ በተጣራ ፍሳሽ ነው፤ ወንዝም ሐይቅም የለውም።

ሁለተኛው መንገድ ነው አደገኛው። ውሃውን ከሐይቅ ስቦ፣ በማመንጫው ውስጥ አሳልፎ፣ ሞቆ ወደ ሐይቁ መመለስ። ርካሽ ነው። ባሕር ዳርቻ ያሉ ማመንጫዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ይህን ነው። ለ1,000 ሜጋ ዋት፣ ውሃው በ10 ዲግሪ እንዲሞቅ ቢፈቀድ፣ በሰከንድ ወደ 48 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ይህ ከጣና በአማካይ ከሚወጣው ውሃ ከሲሶ በላይ ነው። ያን ሁሉ የሞቀ ውሃ ለውቅያኖስ መልቀቅ ሌላ፣ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ለማይበልጥ ሐይቅ መልቀቅ ሌላ። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ያሉት እዚህ ሐይቅ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞቹ አፍ ይወጣሉ። የሞቀ ውሃ እዚያ አካባቢ ምን እንደሚያደርግ ለማሰብ የዓሣ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አካባቢው ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር ተስማምቶ እንዲጠበቅ የተለየ ቦታ) መሆኑንም ይጨምሩበት።

እምቦጭ ደግሞ አለ። ሰው እምቦጭን የዓሣ አጥማጅና የጀልባ ችግር ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን የውሃ መሳቢያ ቱቦ ነው የሚታየኝ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ፈረንሳይ ውስጥ ግራቭሊን የሚባለው ትልቅ ማመንጫ አራት ሪአክተሮቹ የቆሙት በጦርነት ወይም በብልሽት አይደለም። ጄሊፊሽ የሚባል የባሕር ፍጥረት መንጋ ሆኖ መጥቶ የውሃ ማጣሪያውን ስለደፈነው ነው። ጄሊፊሽ በሁለት ቀን ይሄዳል። እምቦጭ አይሄድም።

መሬቱም አለ። ጣና ራሱ የተፈጠረው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ መውጫውን ስለዘጋው ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጢስ አባይ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ የዚያ ቅላጭ ነው። ይህ ማለት ነገ ይፈነዳል ማለት አይደለም። የሪአክተር ቦታ ሲመረጥ ግን የሚጠናው በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ታሪክ ነው። በጂኦሎጂ ወጣት የሆነ መሬት መጀመሪያውኑ ጥያቄ ይበዛበታል። በ2017 ዓ.ም አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሰው ቤቱን ጥሎ እስኪወጣ የተንቀጠቀጠውን አስታውሱ፤ ስምጥ ሸለቆውም ለዚህ አይመችም። ጠንካራና ያረጀ ድንጋይ፣ በቂ ውሃ፣ የወፍራም መስመር ቅርበት፣ ሰው ያልተጨናነቀበት ቦታ፤ እነዚህ አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ ጥቂት ነው። ጣና ዳር ውሃው አለ፣ መስመሩ አለ፣ ሌላው ይጎድላል። አስተያየቴን ከጠየቁኝ አይሆንም ነው የምለው፤ ምክንያቴ ግን ከሚወራው የተለየ ነው።

ስለ ፍንዳታና ጨረራ ብዙ አልልም። ቼርኖቤልን የመሰለ ሪአክተር ዛሬ ማንም አይሸጥም። ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት በሚጠፋ ሕይወት ሲሰላ ኒውክሌር ከድንጋይ ከሰል ጋር አይገናኝም፤ ከንፋስና ከፀሐይ ጋር ነው የሚቀራረበው።

የቆሻሻው ነገር ግን መነሳት አለበት። 1,000 ሜጋ ዋት ሪአክተር በዓመት የሚያወጣው ያገለገለ ነዳጅ ከ20 እስከ 30 ቶን ቢሆን ነው። ለአገር ያህል ነገር ትንሽ ነው፤ ግን በሺህ ዓመታት መጠበቅ ያለበት ነው። መጀመሪያ ጥቂት ዓመታት ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ በወፍራም የብረትና የኮንክሪት ዕቃ ይታሸጋል። ፊንላንድ ለዘለቄታው ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ አለት ውስጥ መቅበሪያ ቆፍራለች። ሩሲያ ለኢራኑ ቡሼር ማመንጫ ያገለገለውን ነዳጅ መልሳ ልትወስድ ተስማምታለች። በግብጹ ኤል ዳባ ግን ማከማቻው እዚያው ይሠራል። የእኛ ውል ሲመጣ ከዋጋው ቀድሜ የማነበው ይህንን አንቀጽ ነው። ማከማቻው እዚሁ የሚሠራ ከሆነ፣ የቦታ መረጣው ሪአክተሩ ለሚሠራበት 60 ዓመት ብቻ የሚደረግ አይሆንም፤ ሪአክተሩ ተነቅሎ ካለቀ በኋላ ለሚቀረው ጊዜም ጭምር ነው።